ግማሽ ሰዓት በሳንቃው ላይ

ባለቦዩ ዛሬም በጠየቁት ቁጥር ሳያንገራግር ይናዘዛል፤ ዝምታን አሳስቶ አንብቧል። ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ሳንቃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱ ቆመው ሲያይ ከፍቅር በቀር ሌላ ስም ሊያወጣለት አልቻለም።

ሥራው ለሩዝ ማሳዎቹ ውኃ ማከፋፈል ነበር። የየማሳውን የብረት መዝጊያ የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው፤ ቁልፎቹ ከወገቡ አይለዩም። ባለማሳዋን የወደዳትም በዚሁ መዝጊያ አጠገብ ነው። አባቷ ሞቶ ማሳውን በተረከበች ቀን ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ «ወንድሜ፣ ውኃህ ከምላስህ ይፍጠን!» ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ቀኑ ማለዳ መዝጊያውን ያነሣል፤ ማሳው እስኪሞላ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ፍቅሩን በአፉ ተናግሮ አያውቅም። ለሌላው ከሚሰጠው አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ይሞላላት ነበር፤ የፍቅር ደብዳቤው ያች አንድ ጣት ነበረች።

በዚያ ዓመት ግን ባለመርፌው መጣ። መነጽር ያጠለቀ፣ ጫማው ከጭቃ ጋር ያልታረቀ፣ ድምፁ ለስላሳ ተመራማሪ ነው። ከሩዝ ማሳ የሚወጣ ጋዝ ይለካል፤ ማሳው ላይ በዘረጋት ጠባብ ሳንቃ ቆሞ በቡቃያው ላይ ሣጥን ይደፋና ከውስጡ አየር በመርፌ ይስባል። ገበሬዎቹ ስም ለማውጣት ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም።

በሳምንቱ ባለማሳዋ ባለቦዩን መዝጊያው ላይ ጠበቀችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ካልጠራሁህ ውኃ እንዳትለቅልኝ።»

«ለስንት ቀን?»

«እንጃ፣ ስምንት፣ ዐሥር። ማሳው ትንሽ ይጠንፍፍ።»

«ሩዝ ውኃ ይከለከላል እንዴ? ማነው ያስተማረሽ?»

በዓይኗ ወደ ሣጥኑ ጠቀሰችና ፈገግ አለች። ልታስረዳው ጀምራ ነበር፤ ውኃ የተኛበት ጭቃ አየር እንደሚያጣ፣ አየር ያጣ ጭቃ ሰማይን የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚያመነጭ፣ ማሳው በየመሐሉ ሲጠነፍፍ ግን ጋዙ እንደሚቀንስ። እርሱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልፈልግህም። ቁልፎቹን እያንቀጫቀጨ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ረፋድ በመጣ ቁጥር ቦይ የሚጠርግ መስሎ ሁለቱ በሳንቃው ላይ ሲቆሙ ከሩቅ ያያቸዋል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይባል የለ? ባለመርፌው ሳያስቅም እየወሰደበት ነበር። ቅናት እንግዳ ዳኛ ነው፤ ፍርዱን አስቀድሞ ይጽፍና ምስክሩን ኋላ ይጠራል።

«እማዬ፣ ሰው ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ቆሞ ምን ይሠራል?» አላቸው እናቱን።

«ወይ ይጸልያል፣ ወይ ያፈቅራል፣ ወይ ዓሣ ያጠምዳል።»

«እዚያ ዓሣ የለም።»

«እንግዲያ ይጸልዩ ይሆናላ!» ብለው ሳቁበት።

በሰባተኛው ቀን ምስክሩ ተገኘ። ባለማሳዋ ከሳንቃው ልትወርድ እግሯን ስታነሣ ባለመርፌው ክንዷን ለቀም አደረጋት። እጅ ክንድ ላይ! የባለቦዩ ዓይን ደም ለበሰ። ቁልፉን አወጣ፤ መዝጊያውን እስከ ጥግ አነሣው።

ውኃው እየተንፎለፎለ ገባ። ባለማሳዋ ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም፤ ከሳንቃው አልወረደችም። የመጨረሻው መርፌ እስኪሳብ ድረስ እንባዋ እየወረደ፣ ሐውልት መስላ ቆመች። እርሱም ያን ጊዜ አንዳች ነገር እንደተሳሳተ ጠረጠረ።

ስትመጣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሁለት ጣት ነበር የቀረው።»

«ምኑ?»

«የውኃውን ልክ እንዲያሳይ ጭቃው ውስጥ የተከልነውን ቱቦ አላየህም? ውኃው ከመሬቱ በታች ስንዝር ሲወርድ ልጠራህ ነበር። በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ የማየው ለጋዙ ብቻ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ከእርሱ ጋር ያለ ቃል... ክንድሽን ሲይዝሽ በዓይኔ አይቻለሁ!»

አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ከነእንባዋ ሳቀች።

«አንተ ሞኝ! ጭቃው ከተረገጠ የታመቀው ጋዝ ቡልቅ ይልና ልኬቱ ይበላሻል፤ ልረግጠው ስል ነው የያዘኝ። ዝም የምንለውም ደቂቃ ስለሚቆጥር ነው። አንድ ቀን የራሱ ልጅ ጥርስ ማብቀሉን ሲያወራኝ ሰዓቱ አመለጠው፤ ከዚያ ወዲህ አፋችንን ዘጋን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ! አንተ ቁልፍህን ነበር የምትሰማው።»

ባለቦዩ አንገቱን ደፋ። እርሷ መዳፏን ዘረጋች።

«የማሳዬን ቁልፍ ስጠኝ።»

ከቀለበቱ ሲያወጣው ጥርስ የመንቀል ያህል ከበደው። ያለ ቁልፉ በዚያ ድንበር ላይ ለመቀመጥ ምን ሰበብ ይኖረዋል? ቢሆንም ሰጣት። ሌላ ማሳ ሊያጠጣ ሲሄድ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር፤ ሳይመለከት ማለፍን ግን አልተማረም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ ቁልፉን ይዛ ደጁ ቆመች።

«ሩዙ ሊያብብ ነው። በአበባው ጊዜ ውኃ አይጓደልበትም።»

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለቴ ራሴ ከፍቻለሁ።» ዝም አለች። እርሱም ይህን ዝምታ ለማንበብ አልቸኮለም፤ ጠበቀ። «ብቻዬን ድንበሩ ላይ መቀመጥ ሰለቸኝ» አለች በመጨረሻ።

አብረው ሄዱ። መዝጊያውን አነሣ፤ ውኃው ከልኩ ላይ ሲደርስ ዘጋው። አንድ ጣት አልጨመረም። ፍቅሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ነገራት።

ሩዙ በታጨደ በሳምንቱ ተጋቡ። በቀጣዩ ዓመት ልኬት፣ ከእርሷ ጎን ሳንቃው ላይ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ የቆመው ባለቦዩ ነበር።