ድስቱን ማን ይገለብጠዋል?

«አልሄድም» አለች አያቷ፣ አንድ እግሯ ባጃጁ ውስጥ እንዳለ።

ዝማሬ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ይዛታለች። ባጃጅ ጠባብ ነው፤ ሰው አንድ እግሩን አስገብቶ ብዙ አይቆምበትም። ዛሬ ጡረተኞች በአካል ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን የሚያሳውቁበት የመጨረሻ ቀን ነው። ካልቀረቡ ክፍያው ይቆማል። ዝማሬን ደግሞ ጓደኞቿ በአራት ሰዓት ለመረብ ኳስ ይጠብቋታል።

«ምነው እማማ? ትናንት እሺ ብለሽ አልነበር?»

«ሳስበው አደርኩ። ሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ከደመወዜ ለጡረታ የተቆረጠችውን በልቼ ከጨረስኳት ቆየሁ። አሁን የምበላው የማንን ነው? ፊታቸው ስቀርብ ‹ሴትዮ፣ ያንቺ አልቋል› ቢሉኝስ?»

እማማ የትነበርሽ እግሯን መልሳ አወጣችና አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋ መሬት እንዳይነካ ግን ሰብሰብ አደረገችው።

ሾፌሩ አንዳርጋቸው ወደ ዝማሬ ጎንበስ ብሎ «ጸበል ነው የምንሄደው በያት» አለ። «አንዴ ከገባች የት ትወርዳለች?»

መዋሸቱ ቀላል ነበር። ዝማሬ አያቷን አየቻት፤ እንደተቀጣች ተማሪ አንገቷን ደፍታለች።

«ሼም ነው» አለችውና ሄዳ ከአያቷ ፊት ቁጢጥ አለች። «የማን እንደሆነ ልንገርሽ? አሁን ሥራ ላይ ካሉት ደመወዝ ይቆረጣል፤ አሠሪዎቻቸውም ይጨምሩበታል። ተምረናል።»

«የኔ ሚስት ነርስ ናት» አለ አንዳርጋቸው። «በየወሩ ሲቆረጥባት የማጉረመርመው እኔ ነኝ። ለካ ለእርስዎ ኖሯል።»

«ይኸው፣ የሰው ነው አላልኩም?»

ዝማሬ አንዳርጋቸውን ገላመጠችው። «እማማ፣ አያ አስናቀው ሲሞቱ ዕድሩ ድንኳን ሲተክል፣ ስንት ከፍለው ነበር ብለሽ ጠየቅሽ?»

«ምን ነክቶኝ? ዛሬ ለእሳቸው፣ ነገ ለእኔ። ዕድር እኮ ነው።»

«የዕድሩ ድስቶችስ? ለቅሶ እስኪመጣ ተደፍተው ይቀመጣሉ?»

«ለሠርግ ይከራያሉ እንጂ። አዲሱን ድንኳን በኪራዩ አይደል የገዛነው?» የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው፤ ድምጿ ቀና አለ።

«ጡረታም እንደዚያው ነው። ተከፍሎ የተረፈው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለመንግሥት በወለድ ያበድሩታል፣ ሌላም ሥራ ላይ ያውሉታል።»

እማማ የትነበርሽን ሌላ ጭንቀት ያዛት።

«እኔ ድስት ሲመለስ ገልብጬ ታችውን ሳላይ አልቀበልም። አንዱ ሠርገኛ የተበሳውን በሊጥ ደፍኖ ሊያስረክበኝ ነበር። እነሱ ያበደሩት ሲመለስ ማን ይገለብጠዋል?»

ዝማሬ አሰበች። ይህ መጽሐፏ ላይ አልነበረም። «አላውቅም።»

«እንግዲያ ሄጄ መጠየቅ አለብኝ።» ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «አንዳርጋቸው፣ ቀስ ብለህ ንዳ። በሕይወት መድረስ አለብኝ።»

ቁልቁለቱን ሦስቱም እየሳቁ ወረዱት።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ እማማ የትነበርሽን አይታ መዘገበቻት። «ጨርሰዋል እማማ። ሌላ የሚጠይቁት አለ?»

«አለ» አለች እማማ የትነበርሽ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጋ። ከኋላዋ የተሰለፉት ጡረተኞች ለመስማት ጠጋ ጠጋ አሉ።

ዝማሬ ስልኳን አወጣች። «አትጠብቁኝ፣ ጀምሩ» ብላ ለጓደኞቿ ላከችና ሌላ ወንበር ፈልጋ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች።