መስቀል የመሰለኝ ሜዳሊያ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት...

አዎ፣ ቀን ነው። የሚያስፈራ ነገር በሌሊት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ጅቡቲን በሐምሌ አላያትም። ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሰው ሁሉ ወይ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፣ ወይ ተኝቷል።

ፀዳል እባላለሁ። ማዳም ናዒማ ቤት እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። ማዳም ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛ አሳምራ ትናገራለች። ባሏ ፈረንጅ ነው፣ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ሰው። የየት አገር እንደሆነ ይቅርብኝ። ሙሴ ነው የምንለው፣ በፈረንሳይኛ ጌታዬ እንደማለት፤ የምንግባባውም በተሰባበረ አረብኛ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሜዳሊያ ነበረው። በባሕር ላይ ጠላት ላሸነፉ መርከበኞች የተሰጠ ነው። ያኔ ይህን አላውቅም። እኔ የሚታየኝ መሐሉ ላይ የተቀረጸው መስቀል ነው።

በየጠዋቱ ቤቱን ስወለውል፣ ማንም ሳያየኝ እሳለመዋለሁ።

"የወንድሜን ወሬ አሰማኝ" እላለሁ።

ወንድሜ አምሀ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን እንደተነሳ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ደረሰ የሚል የለም። ሞተም የሚል የለም። እናታችን እርሟን እንኳ ሳታወጣ በር በሩን እያየች ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁርጡን ማወቅ።

አንድ ጠዋት ስሳለመው ከንፈሬን ጨው ጨው አለኝ።

ጠረግኩት። ረጠበ።

ደግሜ ጠረግኩት... ደግሞ ረጠበ።

ማንጠልጠያ ጥብጣቡ ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ሙሴ ነው። ከኋላዬ ቆሟል። አፍሬ እውነቱን ነገርኩት። በሳቅ ፍርስ አለ።

"መስቀል አይደለም እኮ። የመርከብ መልህቅ ነው።"

ስቆ ሲበቃው ስለ ድሉ አወራኝ። ከኦቦክ ማዶ... በጨለማ... የጠላት ጀልባ አግኝተው አሰመጡ።

"ተኩሰውባችሁ ነበር?" አልኩት።

"በጨለማ ማን አየ? ግን ይጮሁ ነበር። የጦር ጩኸት።"

"ምን እያሉ?"

ትርጉሙን ባያውቅም ቃሉን አልረሳውም። እየተኮላተፈ አወጣው።

"እናቴ... እናቴ..."

መቼ እንደነበር ጠየቅኩት። አምሀ የተሳፈረ ሰሞን ነው።

እኔ እንግዲህ በየጠዋቱ ስስመው የከረምኩት ይህንን ነው።

ማዳም ናዒማ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ባሏ በእንግዳ ፊት ሁሉ የሚያወራው ወሬ ነው። ቃሉን ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷ ታውቃለች።

"ማዳም፣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?"

"ዝም በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ይህ ቤት የቆመው በእሱ ነው። አንቺም የምትበይው።"

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ምን አባቴ ላደርግ እችላለሁ?

የድሉ መታሰቢያ ቀን ደረሰ። ሙሴ ነጭ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ወደ ግብዣው የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። ማዳም ተኝታለች። እኔ ወጥ ቤት ሳህን አጥባለሁ።

"ፀዳል..."

ድምፁ ቀጥኗል። ገባሁ።

"ከበደኝ" አለ ደረቱን ይዞ። "እነማን ናቸው የሚያወሩት?"

ልክድ አልቻልኩም። እኔም ሰማሁ...

ብዙ ናቸው። የታፈነ ድምፅ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተጫነ። በአማርኛ።

"ጠጋ በሉ..."

"እግሬን..."

"ጠጋ በሉ... ለሱም ቦታ ስጡት..."

"ምን እያሉ ነው?" አለኝ። ከንፈሩ ነጥቷል።

አላዘንኩለትም። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩለት።

ሊነሳ ሞከረ። ትከሻውን ግራና ቀኝ ሰው እንዳጣበበው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ያኔ ነው መጅሊሱን፣ የሳሎኑን የወለል መቀመጫ፣ ልብ ያልኩት። ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረው ፍራሽ ሁሉ፣ ሰው የተቀመጠበት ይመስል ጎድጉዷል። ከሁሉም ውሃ ይንጠባጠባል። የሚታይ ሰው ግን የለም።

ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

"ፀድዬ..."

የእናቴ ልጅ ድምፅ አይጠፋኝም።

"አምሀ?" አልኩ። "አምሀ... እማዬ እርሟን ታውጣ?"

የሙሴ ትንፋሽ ቆመ፣ አፉ እንደተከፈተ።

"ነይ" አለኝ አምሀ። "ጠጋ ብለንልሻል።"

ከሙሴ ጎን አንዲት ደረቅ ቦታ ነበረች፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ። እያየኋት የፍራሹ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቀሰ... አንድ ሰው ለእንግዳ መቀመጫ እያበሰ ነበር።