ሙሽራዋን ያወረደ እጅ

ከስብሓት የሚታየው ከወገቡ በታች ያለው ብቻ ነበር። የቀረው አካሉ ጎረቤት «ሙሽራዋ» ከሚላት ትንሽ የቅንጦት መኪናው ሥር ነው። ስሙ ለውበቷ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ በወር ሃያውን ቀን ከግቢ ስለማትወጣ ነው።

ኢንስፔክተር ለተገብርኤል መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለው ግቢ ስትገባ፣ መካኒኩ አብዱልወዱድ እጁ በካቴና ታስሮ የፖሊስ ፒካፕ ላይ ተቀምጧል። ከኮምቦልቻ መጥቶ ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው። ፒካፑ ጣቢያ ከደረሰ የግድያ መዝገብ ሊከፈትበት ነው።

እሷ ግን አልቸኮለችም። ቁጢጥ ብላ አየች። የኋላ ግራ ጎማው ተንፍሷል፤ ብሎኖቹ ግን አቧራቸው እንኳ አልተነካም። ከሬሳው አጠገብ መኪና የሚነሳበት ወፍራም የዘይት ክሪክ ቆሟል፤ አንገቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሬሳው ወደ ዓይደር ሆስፒታል ከተላከ በኋላ የሟች ሚስት ዘቢብን አነጋገረች።

«ስብሓት ጠዋት ከመካኒኩ ጋር ተጨቃጭቋል አሉኝ።»

«ያልተጨቃጨቁበት ቀን አለ እንዴ? አንዴ ሴንሰር፣ አንዴ ራዲያተር። አሁን ደግሞ ካምቢዮ ነው፤ ከዱባይ ይምጣ ብትይ ዋጋው የአንድ ሚኒባስ ነው። ሽጣትና እንረፍ ስለው፣ ማን ይገዛታል አለኝ። በሕይወቱ አንድ እውነት ቢናገር ያኔ ነው።»

«ታዲያ በምን ሊገዛው ነበር?»

«የአባቱን የጭነት መኪና ሸጦ። ሊብሬው በስብሓት ስም ነው። ዛሬ ከሰዓት ገዢ ሊመጣ ነበር።»

«ማን ነው የሚነዳው?»

«ወንድሙ ረዘነ ነዋ» አለች ዘቢብ፣ በር ላይ ወደቆመው ሾፌር በአገጯ እያሳየች።

ረዘነ ሳይጠሩት መጣ። «ኢንስፔክተር፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። አብዱልወዱድ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ስኮርታና ክሪክ አወጣ። እኔ ጎማውን ልቀይር፣ አንተ ሥሯን እይ አለው ስብሓትን። እኔ ቁሓ ጭነት ስለነበረኝ ሄድኩ።»

«ሁለቱንም ከኋላ ኮፈን ነው ያወጣቸው?»

«ታዲያ ከየት ያውጣ? የሁሉም መኪና ትርፍ ጎማ እዚያ አይደል?»

ለተገብርኤል ወደ ፒካፑ ሄዳ መካኒኩን ሁለት ነገር ጠየቀችው። ሲመልስላት አስወረደችውና ከዘቢብና ከረዘነ ጋር በሙሽራዋ ዙሪያ አቆመችው።

ረዘነ በትግርኛ አንድ ነገር ሲጀምር አቋረጠችው። «በአማርኛ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። የታሰረው ሰው የሚባልበትን ይስማ።»

ከዚያ ክሪኩን በጫማዋ ነካችው። «ክሪክ ቢንሸራተት አንገቱ እንደወጣ ነው የሚወድቀው። ይሄ ግን ቆሟል፤ አንገቱን የሚያወርደው ቫልቩም ተከፍቷል። መኪናዋን ያወረዳት የሰው እጅ ነው።»

«የሱ እጅ ነዋ» አለ ረዘነ።

«ይሁን። ግን ጎማ የሚቀይር መካኒክ መኪናዋን ከማንሳቱ በፊት ብሎን ያላላል። ይሄኛው አልነካውም። እሱንም ልተወው። ስኮርታው የት አለ?»

«ወደ ኮፈኑ መልሶት ይሆናል።»

«ክፈተው» ብላ ቁልፉን ሰጠችው።

ተጫነው። ደገመው። ሙሽራዋ ዝም አለች።

«ባትሪዋ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው» አለ አብዱልወዱድ። «ኮፈኗ ያለ ባትሪ አይከፈትም። ባትሪዋ ደግሞ ያለው ኮፈኗ ውስጥ ነው። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ተሸልሞ ይሆናል።»

ለተገብርኤል እጁን አስፈታችለት። በኋላ ወንበር በኩል ተስቦ ወደ ኮፈኑ ገባና ምንጣፉን ገለጠው። ባትሪ ብቻ። ስኮርታ የለም፤ ክሪክም የለም፤ ማስቀመጫ ቦታም የለም።

«እነዚህ ጎማቸው ቢተነፍስም ይሄዳሉ ተብለው ያለ ስኮርታ ነው የሚሠሩት» አለ ከውስጥ።

«ሟች ያውቅ ነበር፣ ሚስቱም ታውቃለች» አለች ለተገብርኤል። «የማያውቀው፣ ያለ ስኮርታ ከመቀሌ የሚወጣ መኪና አለ ቢሉት የሚስቅ የጭነት ሾፌር ነው። ያላየኸውን ስታወራ፣ መኪና ሁሉ አለው ያልከውን ጨመርክበት። ክሪኩ የማን ነው ረዘነ? አሥር ቶን ተጽፎበታል። ያንተ የጭነት መኪና ክሪክ ካላት ሄደን እንያት።»

ረዘነ የያዘውን ቁልፍ ሙሽራዋ ላይ አስቀመጠ።

«ጎማውን አስተነፈስክ፤ ሰበብ እንዲሆንህ። ሥሯ ዘይት ያፈሳል፣ እየው አልከው። ከዚያ ቫልቩን አዞርክ።»

ዘቢብ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ረዘነ ወደ እሷ አላየም።

«ያችን የጭነት መኪና ጦርነቱን ሁሉ በጭድ ክምር ሥር ደብቄ ያተረፍኳት እኔ ነኝ» አለ። «ጎማዋን በየዘመዱ ቤት በትኜ። ሁላችንም ከዚያ በኋላ የበላነው በእሷ ነው። እሱ ለካምቢዮ ሊሸጣት። ለካምቢዮ።»

ከአብዱልወዱድ የተፈታው ካቴና ረዘነ እጅ ላይ ገባ። መካኒኩ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ።

«ጠዋት በምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?» አለችው ለተገብርኤል።

«ካምቢዮው ጤነኛ ነው ስለው አላምን ብሎ ነው። ባትሪ ሲደክም ነው ኮምፒዩተሯ ካምቢዮ ተበላሽቷል እያለ የሚዋሸው። ርካሹን አላምንም አለኝ። ከሰዓት አዲስ ባትሪ ይዤ መጥቼ ላሳየው ነበር።»

ረዘነ አንድ እግሩን ፒካፑ ላይ እንዳደረገ ቆመ።

«ባትሪው ስንት ነው?» አለው መካኒኩን።

አብዱልወዱድ ወደ ዘቢብ ዞረ።

«ንገረው» አለች ዘቢብ። «ዋጋውን ይዞ እስር ቤት ይግባ።»