ብቸኛው የአማርኛ ኮሜንት

«እስቲ ማን ያነብልኛል?» አሉ ቲቸር እጅጌ፣ ማርከሩን ከድነው።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩት አሥራ አንድ ልጆች አንገታቸውን አስግገው አዩት። ኢየሩስም አየችው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባቡር ውስጥ ቆማ፣ በአውራ ጣቷ የጻፈችው ራሷ ናት።

«ኢየሩስ ታንብብ!» አለ ከኋላ አንዱ። «እሷ ናት የምትችለው።»

እውነቱን ነው። በስድስት ዓመቷ ወላጆቿ ዲቪ ደርሷቸው ከአዲስ አበባ ሲመጡ ፊደሉን ይዛ ነው የመጣችው፤ የቀረውን ቲቸር እጅጌ ሞሉላት። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሌሎቹ አንድ መስመር ለማንበብ ሲያምጡ እሷ ጋዜጣ ታነባለች።

«ነይ እንግዲህ፣ ተነሺ» አሏት።

ተነሳች። ምን ታድርግ? መሬት ተከፍታ አትውጣት ነገር፣ የምድር ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው።

«ለገንዘብ ብለሽ ሸጥሽን» ብላ አነበበች። «እናትሽም የሰው ልጅ ፊደል ከምታስቆጥር፣ ለራሷ ልጅ ይሉኝታ ብታስተምር ይሻላት ነበር።»

«ጎበዝ» አሉ ቲቸር። «አንድም ቦታ አልተደናቀፍሽም።»

እንዲህ ያለ ጎበዝ ለጠላትም አይሁን! ኢየሩስ ወንበሯ ላይ ወደቀች።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሉኝታ ምንድን ነው?»

ቲቸር እጅጌ ሁሌም ለጥያቄ እንደሚያደርጉት ወደ ልጅቷ ጠጋ አሉ። «ሰው ምን ይለኛል፣ ሰውስ ምን ይሰማዋል ብሎ ማሰብ ነው፣ የኔ ቆንጆ። እኔ እንግዲህ ለልጄ ሳላስተምራት ቀርቻለሁ ተብያለሁ።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ዕፀገነት ኮሌጅ ልትቀይር ነው ተብሎ የወጣው ፎቶዋ ሥር ከአራት መቶ በላይ ሰው ጽፏል አሉኝ። የነሱ የኳስ እንግሊዝኛ አይገባኝም፤ የፈለጉትን ይበሏት። አማርኛ ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱን አነበብኩት።»

ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ ብሩኪ ዞረ። ማክሰኞ ማታ የወጣቶቹ ግሩፕ ቻት ላይ በእንግሊዝኛ «ከሃዲ ናት» ብሎ የለጠፈው እሱ ነበራ። ብሩኪ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። «እኔ አይደለሁም! ሲሪየስሊ!»

«ማንንም አልጠየቅሁም» አሉ ቲቸር። ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉት። «ይህን የጻፈ ሰው እዚህ የተማረ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም። እዚህ ከሆነ ግን እኔ ነኝ መጻፉን ያስተማርኩት። ስለዚህ ከዛሬ በኋላ ሌላ ሰው ያስተምራችሁ።»

ስምንት ዓመት ያለ ደሞዝ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ኦክላንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሒሳብ ሲቀበሉ ይውሉና ቅዳሜን ለሰው ልጅ ይሰጣሉ። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ ክፍሉ እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ የሚተካቸው ማን አለ?

እንግዲህ ይቺ ኢየሩስ ክፉ ልጅ ናት ብላችሁ እንዳታስቡ። ዕፀገነትን እንደሷ የወደደ ሰው አልነበረም። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው።

ዕፀገነት፣ የቲቸር እጅጌ ልጅ፣ ሳን ሆዜ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። ጨዋታ ባለ ቁጥር ከኦክላንድ፣ ከካስትሮ ቫሊ፣ ከዩኒየን ሲቲ እስከ አርባ የሚደርስ ሐበሻ መኪና ተጋርቶ ይወርዳል። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው ቢባልም በእናቶቹ ቦርሳ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አይጠፋም። አስተዋዋቂው ስሟን አበላሽቶ በጠራ ቁጥር አርባው ሰው ብድግ ብሎ «ዕ! ፀ! ገነት!» እያለ ያርመዋል። የኢየሩስ አባት ንጋቱ፣ መንገደኛ ወደ አየር ማረፊያ በቫን የሚያመላልስ ሰው፣ ስለ ቅርጫት ኳስ ምንም ሳያውቅ «ቅጣት ነው እንጂ! ዓይንህ የት አለ?» እያለ በዳኛው ላይ በአማርኛ ይጮሃል። ደስ ሲል!

ታዲያ በየዓመቱ አንድ ነገር ይጎድላል። በዚህ ዘመን ኮሌጆች ለተጫዋች ይከፍላሉ። ተጫዋቹም የውድድር ዓመቱ እንዳለቀ ስሙን ትራንስፈር ፖርታል የሚባል ዝርዝር ውስጥ ያስገባና የተሻለ የሚከፍለው ጋ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ኢየሩስ የቡድኑን የአሥራ ሦስቱንም ልጆች ስም፣ ቁጥርና ቁመት በቃሏ ያዘች፤ በሁለተኛው ዓመት ሰባቱ አልነበሩም። እንደ አዲስ አጠናች። በሦስተኛው ዓመት ያቺ ከአውስትራሊያ የመጣችው ረጅሟ ልጅ ሄደች፤ ኢየሩስ ፎቶዋን ከግድግዳ ላይ ስታወርድ አለቀሰች። «ማንን ብዬ ነው የምጮኸው አሁን?» ብላ አባቷን ጠየቀችው።

«ዕፀገነት አለች አይደል?» አላት። «እሷ የኛው ናት፤ የትም አትሄድ።»

ማክሰኞ ዕለት ባቡሩ ውስጥ ስልኳን ስትከፍት ግን ዕፀገነት በአገሩ ሌላ ጫፍ ያለ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ማልያ ለብሳ ትስቃለች። ኢየሩስ ፊቷ ነደደ። ስሟ የማይታወቅበት አካውንት ነበራት። ሰው እንዳያስተውለው በአማርኛ ጻፈችው፤ አሜሪካኖቹ አያነቡት፣ ዕፀገነት ራሷ አታነበው። ማን ሊያነበው እንደሚችል ለማሰብ ሦስት ጣቢያ አልበቃትም። ቤት ስትደርስ ንዴቷ በረደና አጠፋችው፤ አካውንቱንም ዘጋችው። ግን አንዱ ስክሪንሻት አንስቶት ኖሯል፤ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቲቸር እጅጌ ጋ ደረሰ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ብሩኪ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊቱን አጨማዶ አገኛት። «ማዘር ስልኬን ወሰደችው» አላት። «የሰመር ካምፑንም ካንስል አደረገችው። እኔ እኮ ስሜን እንኳ በአማርኛ መጻፍ አልችልም! ስላት ደግሞ፣ ጉግል አስጽፈህ ነው አለችኝ።»

«አይዞህ፣ እውነቱ ይወጣል» አለችው ኢየሩስ። ከዚያም ቺፕሷን ከነላስቲኩ ሰጠችው። ጥፋት በቺፕስ የሚካስ ይመስል! ብሩኪ ደግሞ «አንቺ ብቻ ነሽ ያመንሽኝ» ብሎ በላው። ያን ሳምንት ለቲቸር እጅጌ መልእክት ጽፋ አጠፋች፤ እንደገና ጻፈች፣ እንደገና አጠፋች። አርብ ሲደርስም ገና አልላከችም ነበር።

አርብ ዕፀገነት የምትበርበት ቀን ነው። ንጋቱ በቫኑ ሊሸኛት ቃል ገብቷል።

«እኔ ልቅር፣ አባዬ፤ ራሴን አሞኛል» አለች ኢየሩስ።

«አንቺ ካልሸኘሻት ማን ሊሸኛት ነው?» አላት ጫማውን እያሰረ። «ደግሞ እናትየዋ ተሰብራለች፤ ስታይሽ ደስ ይላታል። ያንን የጻፈውን ሰው ባገኘው እኮ…» ሳይጨርሰው ተወው። ኢየሩስም ጃኬቷን አነሳች።

ዩኒየን ሲቲ ከቲቸር እጅጌ ቤት ደጃፍ ሦስት ሻንጣ ጫኑ። እሳቸው ከፊት፣ ከንጋቱ አጠገብ ተቀመጡ። ዕፀገነት ረጃጅም እግሮቿን እንደምንም አጥፋ ከኋላ ከኢየሩስ ጎን ገባች። ቫኑ ወደ ሳን ሆዜ አየር ማረፊያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ጉዞ ጀመረ። ንጋቱ ሬድዮውን ከፍ አድርጎ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል።

«አንቺ አማርኛ ታነቢያለሽ አይደል?» አለች ዕፀገነት በእንግሊዝኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቷ ሲያናግሯት በደንብ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። ስልኳን አውጥታ ስክሪንሻቱን አሳየቻት። «ይሄን ንገሪኝ። እማዬ አልተረጉምልሽም አለችኝ። አፑ ውስጥ ሳስገባው ስለ ፊደልና ስለ ሽያጭ የተዘበራረቀ ነገር ይላል። እማዬ ለሁሉም ልጅ ስታስተምር እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌም ነበረኝ፣ ሳልማር ቀረሁ።»

ኢየሩስ ስክሪኑን አየችው። «ያዘነ ሰው ነው» አለች። «አትሂጂብን… እንደዚያ ዓይነት ነገር ነው።»

«አትሂጂብን ከሆነ እማዬ ለምን ሁለት ቀን ምግብ አልነካም አለች?»

ኢየሩስ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ሳበች።

«ለብሩ ሄደች ነው የሚሉኝ፣ አይደል?» አለች ዕፀገነት። «ብሩንም ፈልጌዋለሁ። ለምን አልፈልግም? እዚያ ያለው ውድድርም ይበልጣል። አሰልጣኛችን አምና ለተሻለ ደሞዝ ስትሄድ ኬክ ቆረሱላት። እኔ ስሄድ ከሃዲ ሆንኩ። እናንተን ትቼ መሄዴ ግን ይከብደኛል። አባትሽ ዳኛው ላይ ሲጮህ ነው ድካሜ የሚጠፋው።»

ኢየሩስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም አኩርፋለች። የሚመጣው ዓመት አዳራሹ ውስጥ ማን ሊኖር ነው? ማንን ልትወድ ነው፣ እሷም ልትሄድ? ይህ ንዴት የሷ ነው፤ ማንም አይወስድባትም። ግን ቲቸር እጅጌ ምን አደረጓት? መጻፉን በእጇ ላይ ያኖሩላት እሳቸው፣ በዚያው እጅ የቆሰሉት እሳቸው። ከፊት ወንበር በላይ የሚታየው ነጠላቸው ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ለገንዘብ ብለሽ ሸጥሽን ነው የሚለው» አለች በእንግሊዝኛ። «ከዚያ… እናትሽ የሰው ልጆችን ፊደል ከምታስተምር ለራሷ ልጅ ጨዋነት ብታስተምር ይሻል ነበር ይላል።» ይሉኝታን ጨዋነት ማለቷ ልክ አልነበረም፤ እንግሊዝኛው ግን ከዚያ የሚቀርብ ቃል የለውም። ዕፀገነት ስልኩን ይዛ ቀረች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ኢየሩስ።

ዕፀገነት ወደ መስኮቱ ዞረች። የጭነት መኪና አለፋቸው፤ ከአውራ ጎዳናው አንድ መውጫ አለፉ፤ ሌላም አለፉ። ኢየሩስ ብትጮህባት ትመርጥ ነበር።

«እኔን ያልሽውን እችለዋለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር። «አራት መቶ ሰው ብሎኛል። እሷን ግን ያልሻት አንቺ ብቻ ነሽ።» ጉንጯን በክንዷ ጠረገች። «ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል፤ ከዚያ እሷ ብቻዋን ወደ ባዶ ቤት ትመለሳለች። እኔ ልነግርልሽ አልችልም፤ አማርኛዬ እዚያ አይደርስም። አንቺ ንገሪያት።»

ቲቸር እጅጌ ወደ ኋላ ዞሩ። «ምነው ኢየሩስዬ፣ ምነው ኩርምት አልሽ? በረደሽ እንዴ? ንጋቱ፣ እስቲ ያንን መስኮት ዝጋላት።»

«አልበረደኝም፣ ቲቸር» አለች ኢየሩስ። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀቻቸው ነገሮች ነበሩ። ወዲያው እንዳጠፋችው፣ ዕፀገነትን ስለምትወዳት እንደተናደደች፣ እሳቸው ያነቡታል ብላ እንዳላሰበች። ሁሉም እውነት ናቸው። አንድ በአንድ አሰበቻቸውና ተወቻቸው።

«አባዬ፣ ሬድዮውን ዝጋው እባክህ» አለች።

ንጋቱ በመስታወቱ አያትና ዘጋው።

«ያንን ነገር ብሩኪ አልጻፈውም» አለች። «እኔ ነኝ፣ ቲቸር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቲቸር እጅጌ ወደ ኋላ እንደዞሩ ቀሩ። ኢየሩስ ዓይኗን መሬት ልትጥል ቃጣትና አልጣለችም፤ ፊት ለፊት እያየቻቸው የሚሉትን ጠበቀች።