ባዶውን የማይመለስ ጠርሙስ

አቶ ሞላ ከቅዳሴ ተመልሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ በቀመሱበት ገበታ አጠገብ ወድቀው ተገኙ። የተደፋውን ቀይ ስር የለቀመች ዶሮም ሦስት እርምጃ ሳትርቅ ሞታለች። ኢንስፔክተር ተናኜ እንደ ደረሰች መጀመሪያ ያየችው ገበታው ላይ የቀረውን ባለ ሰማያዊ ክዳን ጠርሙስ ነበር።

ጠርሙሱ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ኡሙልኸይር መሆኑን የቆቦ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ቀይ ስር በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት ፍሬ ዘፍዝፈው «ደም ይሞላል» እያሉ ለሞላ ይልካሉ። ሥጋቸው ቢለያይም አትክልቱ አይለያይም። ዛሬ ግን በግቢው የተሰበሰበው ጎረቤት ከሴትዮዋ ፊት ዓይኑን ይሸሻል።

«ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ የሟች የወንድም ልጅ አብርሃም። «ሐሙስ ይዛ ገባች፤ ዛሬ ቅዳሜ ተከፈተ፤ አጎቴ ሞቱ።»

«ሞላን?» አሉ ኡሙልኸይር። «የልጄን ስም ያወጣውን ሞላን?»

ኮንስታብል አራጌ ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ አራጌ፣ ካቴናው አይሸሽም» አለች ተናኜ። ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «እትዬ፣ እስኪ አሠራሩን ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«አሁን? ሬሳ ተዘርግቶ?»

«አሁን።»

«ከነልጣጩ፣ ከነጭራው እቀቅለዋለሁ። ቀድሞ ከተላጠ ደሙ ውኃ ውስጥ ይቀራል። ሲበርድ እልጠዋለሁ። ከዚያ አቼቶና ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት። በሁለተኛው ቀን ሽንኩርቱ እስከ ልቡ ይቀላል።»

«ዛሬስ የት ዋሉ?»

«ከማለዳ ጀምሮ ሮቢት፣ ልጄ ዘንድ። በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ ነው የገባሁት።»

ተናኜ ከጠርሙሱ አንድ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ በሹካ አውጥታ ለሁለት ቆረጠች። አንድ ቁራጭ ቀይ ስርም ወደ ብርሃን አንስታ አየች።

አቶ ሞላ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት ሜሮን የቤቱ በር ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ቅዳሴም አብራቸው ነበር የሄደችው።

«አንቺስ ለምን አልቀመስሽም?» አለቻት ተናኜ።

«ሱባኤ ነኝ። ፍልሰታ ከገባ ሽምብራ ብቻ ነው የምቀምሰው።»

«ጥሩ ጊዜ መርጣ ነው የመነነችው» አለ አብርሃም።

ተናኜ ከሟች ኪስ ያገኘችውን ወረቀት ዘረጋች። «የሰኞ ቀጠሮ ይላል። ለምን ነበር?»

«ቤቱን በስሜ ሊያዞሩት» አለች ሜሮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጎረቤቶቹ ተያዩ።

«ቀይ ስር መሥራት ትችያለሽ?»

«እማ ኡሙልኸይር አስተምረውኛል። ስንቱን ልጫለሁ።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን ማን ይልጣል?»

ተናኜ ወደ አብርሃም ዞረች። «አንተስ?»

«ቤት ጠባቂ ነበርኩ፤ ብቻዬን። ከሷ ጠርሙስ በቀር ቀይ ስር እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ በአብርሃም ክፍል በር ላይ ወደ ታሰረው በግ ሄዳ አፉን በነጭ መሐረብ ጠረገች። ቀጥላ ማጀት ገባች። ከእህሉ ጆንያ አጠገብ የተከፈተ የነቀዝ መድኃኒት አለ፤ መደርደሪያው ላይ አራት ሎሚ ተበትኗል።

«እነዚህን ማን ቀጠፋቸው?»

«ጋሼ ሞላ ናቸው፣ ትናንት ማታ» አለች ሜሮን። «የእማ ኡሙልኸይር ጠርሙስ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይመለሳል። ጋሼ ‹ዕቃ ባዶውን አይመለስም› ስለሚሉ በባለፈው ሳምንቱ ጠርሙስ ውስጥ ሎሚ ከተው አስቀምጠውት ነበር።»

«የዚህ ሳምንቱስ?»

«በዚያው ሐሙስ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውት ወጡ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። ዛሬ ገበታው ላይ ሳየው መልሰው ያመጡት መስሎኝ ነበር።»

ተናኜ ወደ በሩ ዞረችና፣ «ደም የሚሞላ ነገር ለአራስ ነው የሚሄደው። አራጌ፣ በሰፈሩ አራስ ካለች ሄደህ ጠይቅ» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው። አራጌ ከአንዲት አራስ ወላጅ እናት፣ ከወይዘሮ ዓሊማ ጋር ተመለሰ። ዓሊማ ባለ ሰማያዊ ክዳን ጠርሙስ ይዘዋል፤ ውስጡ ቆሎ ሞልቷል።

«ሐሙስ ሞላ አመጣልን» አሉ ዓሊማ። «ለልጅቱ ደም ይሙላላት፤ ግን ለሰው አትንገሩ ብሎ። ነገ ልመልሰው ነበር፤ አላህ ይማረው።»

«እንግዲህ የሐሙሱ ጠርሙስ ይኸው» አለች ተናኜ። «አራሷ በልታለች፤ ደኅና ናት። ገበታው ላይ ያለው ደግሞ ትናንት ማታ ሎሚ የነበረበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሎሚውን ደፍቶ ቀይ ስር የሞላበት ሰው አለ። ሽንኩርቱ ልቡ ገና ነጭ ነው፤ ዛሬ የገባ ነው። ዛሬ እትዬ ሮቢት ነበሩ። ሜሮንም ከማለዳ ጀምሮ ከሟች አልተለየችም።»

«ቀይ ስሩ ራሱ ገርጥቷል» አለችና ቀጠለች። «ጥሬውን ተልጦ ነው የተቀቀለው፤ ባለሙያ አልሠራውም። ልጣጩም መሄጃ ይፈልጋል።» መሐረቡን ዘረጋችው። ደማቅ ቀይ ነው።

«በግም ምስክር ሆነ?» አለ አብርሃም።

«በጉ ብቻውን ቢሆን እተወው ነበር። መድኃኒቱን አዘጋጅተህ የሐሙሱን ጠርሙስ ስትፈልግ አጣኸው፤ አጎትህ ምጽዋታቸውን ከአንተም ሰውረዋል። ሰኞ ደርሶ ቤቱ ከእጅህ ሳይወጣ ሌላ መሥራት ነበረብህ። የነቀዙን መድኃኒት ጨመርክበት፤ አጎትህም እትዬ ደግመው የላኩላቸው መስሏቸው ቀመሱት። ኃጢአቱን ግን ለጎረቤት ሰጠህ።»

የአብርሃም ዓይን ወደ ገዛ ጥፍሮቹ ወረደ። ሁሉም አብሮ አየ፤ ጥግ ጥጋቸው ቀልቷል። አራጌ ካቴናውን ለሁለተኛ ጊዜ አወጣ።

ጎረቤቱ ወደ ኡሙልኸይር ቀረብ ቀረብ ማለት ጀመረ። እሳቸው ግን የቆሎውን ጠርሙስ ታቅፈው አንገታቸውን እንደ ደፉ ናቸው።

«ሐሙስ ሲመጣ ይህን ይዤ ወዴት ልሄድ ነው?» አሉ።

ሜሮን ከማጀት ወጥታ አራቱን ሎሚ በመዳፋቸው አኖረችላቸው።

«ሐሙስ እጠብቅዎታለሁ፣ እማ» አለች።