ከፍቶ የሚያወጣው

ይሄን ስነግራችሁ ከደረሰብኝ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማው እኔም እስቅ ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ። እህቴ ባሏ ከሞተባት ወዲህ «አዳኙ ሊመጣ ነው» ከሚሉ ሴቶች ጋር አንድ ትልቅ ቤት ገብታ ቀርታለች። እናታችን ደጋግማ ሄዳ ለመነቻት... አልተመለሰችም።

ያን ቀን ራሷ ደወለችልኝ።

«የተበላሸ ቁልፍ አለ። ዕቃህን ይዘህ ና።»

ደስ አለኝ። ሠርቼ ስጨርስ፣ ለምኜም ሆነ ጎትቼ፣ ይዣት ልወጣ ቆረጥኩ።

በሩ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ክፍሉ ባዶ... መስኮት እንኳ የለውም።

ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በሩ ግን ከውስጥ በኩል ተቧጭሯል።

በጥፍር...

ቁልፉም የሚዞረው ከውጭ ብቻ ነው።

«አዳኛችሁን ልትቆልፉበት ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

ከኋላዬ የቆሙ አንዲት ባልቴት ግን አልሳቁም።

«እሱማ አይቆለፍበትም፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሱ ከፍቶ የሚያወጣው ነው።»

«ማንን?»

በዓይናቸው ባዶውን ክፍል አመለከቱኝ...

ነገሩ አላማረኝም። ተጣድፌ ሥራዬን ጨረስኩ። ይሄኔ እህቴ ዘው ብላ ወደ ክፍሉ ገባች።

«ቆልፈህ ሞክረው።»

«መጀመሪያ ውጪ!»

«ምን ያስፈራሃል? አለሁ እኮ።»

በሩን ራሷ ሳበችው። ቆለፍኩ... ወዲያው ከፈትኩ።

ፈገግ ብላ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

«በቃ፣ እናታችን ጋ ውሰደኝ» አለችኝ።

ዓመት ሙሉ አሻፈረኝ ያለች ሴት... እንዲህ በቀላሉ? ጠረጠርኩ። ግን ሐሳቧን እንዳትቀይር ብዬ ጥርጣሬዬን ዋጥ አደረግኩት። እጇን ያዝኩና ጉዞ ጀመርን።

ማንም አልከለከለንም።

ባልቴቷ ከፊቴ ተንበረከኩ። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ የቆሙት ሴቶችም ተከተሏቸው። ለእህቴ የተንበረከኩ መስሎኝ ነበር። ሁሉም የሚያዩት ግን እኔን ነው።

«መጣልን...» ይላሉ እያለቀሱ። «መጣልን...»

ከኋላችን በሩ ተንኳኳ። ከውስጥ።

«ድንቡሼ... ቀልዱን ተውና ክፈትልኝ... ጨለማ ነው...»

የእህቴ ድምፅ ነው። በዚህ ስም የምትጠራኝ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እሷ ብቻ ነች።

ልዞር ስል እጄን የያዘችው ጠበቅ አደረገችኝ። ወደ ጆሮዬም ጠጋ አለች።

«ድንቡሼ ማነው?»