አንድ ጥርስ የሳተው ሻፍት

«ማንም እንዳይነካ! እሷ ታየዋለች፤ እሷ ትነግረናለች» አለ ጋሽ በላይነህ። ዓለሚቱ ካርቶን አነጠፈችና መኪናዋ ሥር ገባች።

መኪናዋ የጋሽ ይሻው ናት፤ ያቺ ከገሳይ ደብረ ታቦር ድንች የምታመላልሰው አሮጌ ፎር ዊል ፒካፕ። ሆዷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የተሰበረው ሻፍቷ ደግሞ አጠገቧ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሻፍት ማለት ከካምቢዮ በኩል ኃይል ተቀብሎ ለኋላ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ረጅሙ ብረት ነው። እሱ ከሌለ የኋላ ጎማ አይዞርም፣ በቃ።

ዙሪያዋን ጋራዡ በሙሉ ቆሟል። ከፊት ደግሞ የጋሽ ይሻው ወንድም ታምራት አለ፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። የመጣው አንድ ነገር ሊያውቅ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው? ወንድሙ አብዝቶ ጭኖ ነው፣ ወይስ ጋራዡ አበላሽቶ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ጋሽ ይሻው ዳገቱን ሲወጣ ሻፍቱ ተበጥሶ ወደቀ። ሰውዬው ፍሬን ረግጦ አቆማት፤ የእጅ ፍሬን ሳበ፤ ከዚያ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሊያደርግ ዘሎ ወረደ። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ግን ጎማ አይደለም የሚይዘው፤ ያንኑ ሻፍት ነው። ሻፍቱ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ወድቋል። በድንጋጤ ማን ያንን ያስታውሳል? ድንጋዩን ይዞ ጎንበስ እንዳለ መኪናዋ ከነድንችዋ ወደኋላ ተንሸራተተችና እግሩ ላይ ወጣች።

«እህስ?» አለ ጋሽ በላይነህ።

ዓለሚቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የጋሽ በላይነህ ልጅ ናት። ትምህርት ሲዘጋ እዚያው ጋራዥ ናት፤ ጆሮዋ ደግሞ ጉድ ነው። መኪና ሲነሳ «ቋ!» ካለ ምን እንደሆነ፣ ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ምን እንደሆነ፣ ፍጥነት ሲጨምር «እምምም» እያለ ካለቀሰ ምን እንደሆነ ከመንገድ ማዶ ሆና ትነግራችኋለች። አባቷ ሰው ፊት ሲጠራት ደስታዋን መደበቅ አትችልም።

«ዲፈረንሻሉ ደህና ነው» አለች ከሥር። «ዘይቱ ሙሉ ነው። ስብርባሪ ብረትም የለበትም።»

«ካምቢዮውስ?» አለ አባቷ።

«ደህና ነው።»

«የፊቱስ? አራቱን ጎማ አስገብቶ በአስፋልት ነድቷት እንዳይሆን፤ ያ ሻፍት ይበጥሳል።»

«ወንድሜ ትናንት መንዳት የጀመረ መሰለህ?» አለ ታምራት።

«አይ፣ የፊቱ አልገባም። አዙራችሁ እዩት፣ ነጻ ነው» አለች ዓለሚቱ።

ከዚያ ወጣችና ሻፍቱ አጠገብ ተንበረከከች። ጭቃውን በጨርቅ ጠረገችው። ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ አንዱ ውስጥ በጥርስ በጥርስ ይገባል። ጫፍና ጫፉ ላይ ሹካ የሚመስል ብረት አለ፤ ሹካው ላይ ደግሞ መስቀል የምትመስለዋ ክሮቸራ ትቀመጣለች። ሁለቱ ሹካዎች በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው። አንድ ጥርስ ከሳቱ ሻፍቱ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል፤ አዲስ ክሮቸራ ብታስገቡበትም ይበላታል።

ዓለሚቱ በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ አየች።

«ገጠማው ነው» አለች። «አንድ ጥርስ ስቷል።»

አፏ ቀደማት። ልክ መሆን እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቁት የለ? ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት።

«ማን ነው የገጠመው?» አለ ታምራት።

ማንም ዞር ብሎ አልፈለገም፤ ሁሉም ያውቃል። ሙላቴ ነው። ከገሳይ በታች ካለች ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ጋራዥ ከመግባቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ስለነበር «መሪጌታ» እያሉ ሙድ ይይዙበታል። እውነቱን ለመናገር እሱም የሚቻል ልጅ አይደለም። የመኪናውን ብልሽት ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሉ አጥንቶ በዜማ ይወጣዋል፤ ሰው ሲሳሳት ደግሞ ካላረመ አይተኛም። ዓለሚቱ ትምህርት ቤት ቀርታ ባሕር ዳር የሄደች ዕለት ለአባቷ የነገረውም እሱ ነው። በዚያ ሳቢያ ወር ሙሉ ከጋራዥ ታግዳ ነበር። አልረሳችለትም።

«እኔ ነኝ የገጠምሁት ጋሼ» አለ ሙላቴ። «ምልክቱን አይቼ ነው የገጠምሁት!»

ጋራዡ ውስጥ ሕግ ነው፤ ሻፍት ከመለያየቱ በፊት ሁለቱ ቁራጭ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። ሲገጠም መስመር ከመስመር ይገናኛል።

«የታለ ምልክቱ?» አለ ጋሽ በላይነህ።

የታለና! የነሐሴ ዝናብና ጭቃ ጠመኔ ይተዋል?

«መሪጌታ በግዕዝ ጽፎት ይሆናል፤ እኛ ማንበብ አቅቶን ነው!» አለ ምሕረትአብ። ሳቅ ሆነ።

ምሕረትአብ የዓለሚቱ የአክስቷ ልጅ ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ እነሱ ቤት ነው ያደገው፤ ወንድሟ በሉት። ዝናቡ ሳይመጣ የሙላቴን የጠመኔ መስመር ያዛባው እሱ ነው።

እንዴት መሰላችሁ። ባለፈው ሙላቴ ሻፍቱን አስምሮ፣ ፈታትቶ፣ አዲስ ክሮቸራ ካስገባ በኋላ ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄደ። እሱ እስኪመለስ ምሕረትአብ የአንዱን ቁራጭ መስመር በምራቁ ጠረገና «ጠመኔ አቀብይኝ!» አላት ዓለሚቱን። አቀበለችው። አንድ ጥርስ አሳልፎ አሰመረው። «ሲነዱት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አስቢው! የመሪጌታን ፊት በስልክ እንቀርጸዋለን!» እስኪያማቸው ሳቁ። መቼም ለሙከራ ሲነዳ ይንቀጠቀጣል፣ አባቷ ይጮህበታል፣ ከዚያ ነግረውት ይስተካከላል፤ ሐሳባቸው ይኸው ነበር። ሙላቴ መጣና መስመር ከመስመር አገናኝቶ ገጠመ። ጋሽ ይሻው ግን ዝናቡ ድንቼን ሊያበሰብሰው ነው ብሎ እየተጣደፈ መጣ። ሳትሞከር ይዟት ሄደ።

እነሱም ዝም አሉ። ይንቀጠቀጣል፤ ራሱ ይመልሳታል ብለው።

«ዓለሚቱ አይታኛለች!» አለ ሙላቴ። «ሳሰምር አጠገቤ ነበረች። ዓለሚቱ፣ አላየሽኝም? ተናገሪ እንጂ!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አባቷም፣ ታምራትም። ምሕረትአብ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ እንጃ» አለች። «አላስተዋልሁም።»



ታምራት ሁለት እርምጃ ተራመደና ሙላቴን በጥፊ አጮለው። «ሐኪሞቹ ጠዋት ምን አሉ መሰለህ? እግሩ አይድንም፤ እንቆርጠዋለን ነው ያሉት! ሰምተሃል? እንቆርጠዋለን!» ደገመው። ማንም እጁን አልያዘም። ጋሽ በላይነህ እንኳ ፊቱን አዞረ።

በእኛ አገር ሰው የጎዳ ሰው እርቅ ሲሄድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው። ጋሽ በላይነህ ይህን ልማድ ጋራዥ አስገብቶታል፤ ዕቃ ያበላሸ ሰው ያበላሸውን በሽቦ አንገቱ ላይ አስሮ ይውላል። ሌላ ጊዜ ጨዋታ ነው። ትንሽ ኩሽኔታ ታንጠለጥላላችሁ፣ ይሳቅባችኋል፣ ያልፋል። ዛሬ ግን ጋሽ በላይነህ የተሰበረችውን ክሮቸራ ከነሹካዋ አንስቶ የሙላቴ አንገት ላይ ሲያስር አልሳቀም።

«በር ላይ ቁም። የገጠምኸው አንተ ስለነበርህ አባትህን ጠዋቱኑ አስጠርቻለሁ። ሲመጡ ከሽማግሌ ጋር ሆስፒታል ትሄዳለህ፤ ይሻው እግር ሥር ትወድቃለህ። ከዚያ ወደ አገርህ።»

«ጋሼ፣ በማርያም…»

«ማርያምን አትጥራብኝ!»

በር ላይ ቆመ። ቡሄ ስለደረሰ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ይዘው ይዞራሉ። አዩት። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አንዱ እግሩ አጠገብ ጅራፉን አጮኸ። ሙላቴ ሲዘል ብረቱ ደረቱን መታው። «ይዘላል! ይዘላል!» እያሉ ተቀባበሉት። ሠራተኞቹ የጾም ሆዳቸውን ይዘው ያያሉ። አንዳንዱ ይስቃል፤ ምሕረትአብም ይስቃል።

ዓለሚቱ በእጅጌው ጎትታ ከበርሜሎቹ ጀርባ ወሰደችው።

«ለምን ትስቃለህ?»

«ካልሳቅሁ ይነቃብኛላ!»

«እግሩን ሊቆርጡት ነው እኮ!»

«እኔ ነኝ ልቀቅና ውረድ ያልሁት?» በበርሜሎቹ መካከል አጮልቆ ታምራትን አየ። «ስሚ፣ ብትናገሪ የማጣው እኔ ነኝ። አንቺ ልጁ ነሽ፣ ቢቆጣሽ ይቆጣሻል። እኔን ግን ከቤት ነው የሚያስወጣኝ። የት ልሂድ? ማን አለኝ? ደግሞ ታምራትን አየሽው አይደል?»

«ሙላቴስ?»

«እሱ አባት አለው፣ በሬ አለው። ፋራ ነው፣ ተመልሶ ያርሳል። ጠመኔውንም ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንዳትረሺ!»

ወዲያው በሩ በኩል የልጆቹ ሳቅ ተቋረጠ። ጅራፉም ቆመ።

የሙላቴ አባት መጥተዋል። አያ ገብረሥላሴ ይባላሉ፤ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ቁምጣቸው ላይ የእርሻ ጭቃ አለ። ሲጠሩ ከማሳ ነው የተነሱት። ልጃቸውን አንገቱ ላይ ብረት ተንጠልጥሎ አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጋሽ በላይነህ ፊት ጎንበስ አሉ። ቀጥሎ ታምራት ፊት።

«ልጅ ነው» አሉ። «የልጅ ጥፋት የአባት ነው። እኔ እሸከመዋለሁ። ከእሱ ላይ አውርዱለት፣ ልጆቼ።»

ታምራት ከላይ እስከ ታች አያቸው። «አንቱ ከተሸከሙማ ይቺ አትበቃም» አለ። እግሩን ዘርግቶ መሬት የተጋደመውን ረጅሙን ሻፍት ገፋ አደረገው። «ሙሉውን ይሸከሙ። እስከ ሆስፒታሉ በር፣ በገበያው መሐል። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን በአንድ እግር ሊሄድ ነው፤ እርስዎ አንዲት መንገድ ይክበድዎት።»

አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። ጋሽ በላይነህ ታምራትን አላስቆመውም። ጋራዡ የእሱ ነው፤ ነገሩ በዚህ ካለቀለት ይለቅ ያለ ይመስላል።

«እሺ» አሉ አያ ገብረሥላሴ፤ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

ይኼኔ ነው ሙላቴ የጮኸው። ያ በጥፊ ሲመታ ያላለቀሰ ልጅ ለሃጩና እንባው ተቀላቀለ። «አባቴ አይሸከምም! እሺ፣ ዋሽቼ ነው! ምልክት አላደረግሁም! ሳላይ ነው የገጠምሁት! እኔ ነኝ፣ እኔ ልሸከም! ጋሼ፣ በሞቴ፣ አባቴን ተዉት!»

«ሰማችሁ?» አለ ታምራት። «ይኸው አመነ።»

ምሕረትአብ በረጅሙ ተነፈሰ። ዓለሚቱ ሰማችው። እፎይታ ነበር፤ አለቀ፣ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅም ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። ጥፋተኛው ራሱ አምኗል፣ ምልክቱን ዝናብ አጥቦታል። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ እየማለ «ሙላቴ ነው» ይላል።

ሁለት ሠራተኞች ሻፍቱን ከፊትና ከኋላ አንስተው ሽማግሌው ትከሻ ላይ አስቀመጡት። ጉልበታቸው ዕጥፍ አለና ተመልሰው ቀጥ አሉ። ብረቱ ይንሸራተታል። በአንድ እጃቸው ያዙት፤ አልቻሉም።

«ዓለሚቱ» አለ ጋሽ በላይነህ፤ ድምፁ ደክሟል። «ሽቦ አምጪ። ትከሻቸው ላይ እሰሪላቸው፣ እንዳይወድቅባቸው።»

ሽቦውን ከግድግዳው ሚስማር ላይ አወረደች። ሄደች። ሽማግሌው አጠገብ ስትቆም ጸጉራቸው ውስጥ የገባውን የማሳ አፈር ሁሉ ታየዋለች። እሳቸው ቀና ብለው አዩአት።

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው የኔ ልጅ» አሉ። «እግዜር ይስጥሽ።»

ከትከሻቸው ማዶ ምሕረትአብ ይታያታል። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘላት፤ ትንሽ፣ ሌላ ሰው በማያየው መጠን። ከበሩ በኩል ሙላቴ ያያታል፤ አሁን ምንም አይለምናትም። ዓይኑ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚላት፣ አይተሽኝ ነበር።

ዓለሚቱ ሽቦውን መሬት ላይ ለቀቀችው። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ» አለች።

ጋሽ በላይነህ «ምን?» አላት። ታምራትም ዞረ። ጋራዡ ሁሉ ዞረ። ምሕረትአብ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ከ«አባዬ» ቀጥሎ ያለውን ቃል የምትናገሩት እናንተ ብትሆኑ፣ ምን ትሉ ነበር?